ደም መጣጭ የእሳት እራቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የእሳት እራት ደም ይመጥጣል ሲባል ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምሬ እስከ ከባዱ መልሻለሁ።

እውነት ደም የሚመጥጥ የእሳት እራት አለ?

አዎ፣ አለ። ካሊፕትራ የሚባል የእሳት እራት ወገን አለ፤ በውስጡ ወደ 18 የሚጠጉ ዝርያዎች ይገኛሉ። ከእነዚህ ውስጥ ወደ 10 በሚሆኑት፣ ወንዶቹ የአጥቢ እንስሳ ቆዳ በስተው ደም ሲመጥጡ ታይተዋል። አንዳንዶቹ ጫካ ውስጥ በራሳቸው ጊዜ እንስሳ ላይ ሲያርፉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ተመራማሪ እጁን ሲያቀርብላቸው።

ግን ነገሩን በልኩ እንየው። በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው የቢራቢሮና የእሳት እራት ዝርያዎች 160,000 ገደማ ናቸው። ከዚያ ሁሉ ቆዳ በስተው ደም የሚመጥጡት እነዚህ ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ማታ አምፖል ዙሪያ የሚዞረውን ሁሉ መጠርጠር አያስፈልግም። እነዚህም ቢሆኑ ዋናው ምግባቸው ፍራፍሬ ነው። ደም አልፎ አልፎ የሚጨምሩት ነገር ነው፤ ያለ ደምም ይኖራሉ።

ምን ይመስላሉ?

ደረቅ ቅጠል ይመስላሉ። የፊት ክንፋቸው ቡናማ ነው፣ በላዩ ላይ የቅጠል ጅማት የሚመስል ሰያፍ መስመር ያልፍበታል። ክንፋቸውን አጥፈው ቅርንጫፍ ላይ ካረፉ በአጠገባቸው አልፋችሁ ላታዩዋቸው ትችላላችሁ። ካሊፕትራ ታሊክትሪ የሚባለው ዝርያ ክንፉ ሲዘረጋ ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር ይሆናል። የሚያስፈራ ቀለም የለውም፣ ጥርስም የለውም። ልዩነቱ ያለው አፉ ላይ ተጠቅልሎ በተቀመጠው ቀጭን መምጠጫ ላይ ነው፣ እሱን በደንብ ለማየት ደግሞ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል።

የት ነው የሚገኙት?

ደም ሲመጥጡ የታዩት አብዛኞቹ የሚኖሩት በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ማሌዥያ፣ ታይላንድ፣ ኔፓልና ሕንድ በዚህ ይታወቃሉ። ካሊፕትራ ታሊክትሪ ግን ሰፊ አገር ያካልላል፣ ከደቡብ አውሮፓ ተነስቶ እስከ ጃፓን ይደርሳል። ካለፈው ሩብ ምዕተ ዓመት ወዲህ ደግሞ ወደ ሰሜን እየገፋ ፊንላንድና ስዊድን ውስጥም ታይቷል። በሰሜን አሜሪካ የሚኖረው ካሊፕትራ ካናደንሲስ የሚባል ዘመዳቸው ነው፣ እሱ ደም በመምጠጥ አይታወቅም።

አባጨጓሬዎቹም ደም ይመጥጣሉ?

በፍጹም። አባጨጓሬው ቅጠል በል ነው፣ አፉም ቅጠል ለማኘክ የተሠራ ነው። ደም የሚመጥጠው ክንፍ ያወጣው ጎልማሳ ብቻ ነው፣ እሱም ወንድ ከሆነ። ይህን ቅጠል በልነት ግን ልብ በሉት፤ ወንዱ በኋላ ደም የሚፈልግበት ምክንያት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ሰው ይነክሳሉ? ያማል?

ሰው ላይም ሊመጥጡ ይችላሉ። በጫካ ውስጥ ዋነኞቹ ተጠቂዎች ግን ትልልቅ እንስሳት ናቸው። ዝሆን፣ አውራሪስ፣ ታፒር (አሳማ የሚመስል የጫካ እንስሳ)፣ የውሃ ጎሽ፣ የቀንድ ከብትና አጋዘን ላይ ታይተዋል። ሰው ላይ የተደረጉት ምልከታዎች በአብዛኛው ተመራማሪዎች ራሳቸው ፈቅደው እጃቸውን የሰጡባቸው ናቸው።

ሕመሙ ይለያያል። አንዳንዱ ቀለል ያለ ነው፣ አንዳንዱ ግን በደንብ ያማል። የእሳት እራቱ አንዴ ከጀመረ ቶሎ አይነሳም፣ ለብዙ ደቂቃዎች እዚያው ቆሞ ሊመጥጥ ይችላል። ከዚያ በኋላ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል። ካረፈባችሁ እጃችሁን ማራገፍ ይበቃል። ቆዳችሁን ከበሳውም ቦታውን በውሃና በሳሙና መታጠብ ነው። መግደል አያስፈልግም።

በሽታ ያስተላልፋሉ?

ካሊፕትራ ወደ ሰው ያስተላለፈው ተብሎ የተመዘገበ በሽታ የለም። ብዙ ሰው ትንኝን አስቦ ነው ይህን የሚጠይቀው፣ መጠየቁም ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ደም መጣጭ ነፍሳት በሽታ አስተላላፊ ለመሆን ደም መምጠጡ ብቻ አይበቃውም። ጀርሙ በነፍሳቱ ሰውነት ውስጥ መትረፍ አለበት፣ ነፍሳቱም በተደጋጋሚ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ አለበት። ደምን አልፎ አልፎ ብቻ የሚቀምስ ፍራፍሬ በል ለዚህ የሚመች አይደለም።

ጥርጣሬው ጠንከር የሚለው እንባ በሚጠጡት ሌሎች የእሳት እራቶች ላይ ነው። ከአንዱ ከብት ዓይን ወደ ሌላው ስለሚሄዱ የዓይን በሽታ አብረው ሊያጓጉዙ ይችላሉ ተብሎ ይታሰባል። እነሱ ግን ሌላ ቡድን ናቸው፣ ወደ ታች እመጣባቸዋለሁ።

ማን ነው መጀመሪያ ያገኘው?

ሃንስ ባንዚገር የሚባል የስዊዘርላንድ ተወላጅ የነፍሳት ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በማላያ (በዛሬዋ ማሌዥያ) ጫካ ካሊፕትራ ዩስትሪጋታ የተባለውን ዝርያ ቆዳ ሲበሳ ተመለከተ፣ ግኝቱንም በ1968 አሳተመ። ከዚያ በኋላ ኑሮውን ታይላንድ አድርጎ ለአሥርተ ዓመታት እነዚህን የእሳት እራቶች ሲከታተል ኖረ። ማታ ማታ ከእንስሳት አጠገብ ቆሞ ይመለከት ነበር፣ የራሱንም ቆዳ ሰጥቷቸዋል። ዛሬ ስለ ባህሪያቸው የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከእሱ ትዕግሥት የመጣ ነው፣ ለዚህም ትልቅ ክብር አለኝ።

ፍራፍሬ መብሳታቸው ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ ይታወቅ ነበር። የቻርልስ ዳርዊን ልጅ ፍራንሲስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1875 ብርቱካን ስለሚበሳ አንድ የእሳት እራት መምጠጫ ጽፏል። ያ ጽሑፍ ስለ ደም አንድም ነገር አይልም፣ ግን የገለጸው መሣሪያ ከጊዜ በኋላ ቆዳ ሲበሳ ከተገኘው ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ወንዶቹ ብቻ ናቸው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። እስከ ዛሬ ደም ሲመጥጡ የታዩት ካሊፕትራዎች ወንዶች ናቸው። ሴቶቹ ፍራፍሬ ላይ ነው የሚውሉት።

ይህ ሰውን የሚያደናግረው ከትንኝ ጋር ስለሚያነጻጽር ነው። በትንኝ በኩል የምትነክሰው ሴቷ ናት፤ ለእንቁላሏ የሚሆን ፕሮቲን ከደም ታገኛለች፣ ወንዱ የዕፅዋት ጣፋጭ ፈሳሽ ይበቃዋል። ካሊፕትራ ላይ ነገሩ ተገልብጧል። እንቁላል የሚጥለው ወንዱ አይደለም፣ ታዲያ ደሙን ምን ያደርገዋል? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ደስ የሚለው።

ታዲያ ወንዱ ደሙን ለምን ይፈልገዋል?

ለጨው ነው። አሁን ባለው ማስረጃ ከሁሉ የሚያሳምነው ማብራሪያ ይሄ ነው።

ቅጠል የሚበላ ነፍሳት ሁሉ አንድ ችግር አለበት። ዕፅዋት ውስጥ ፖታሲየም ሞልቷል፣ ሶዲየም ግን በጣም ትንሽ ነው። ሶዲየም ደግሞ ለነርቭና ለጡንቻ ሥራ የግድ ያስፈልጋል። አባጨጓሬው ዕድሜውን ሙሉ ቅጠል ሲበላ ኖሮ ክንፍ ሲያወጣ ያጠራቀመው ሶዲየም ጥቂት ነው፣ ሴቷም ከዚያችው ጥቂት ላይ ለእንቁላሎቿ ማካፈል አለባት። ቢራቢሮዎች ተሰብስበው ጭቃ ላይ፣ የእንስሳ ሽንት ላይ ወይም እበት ላይ ሲያርፉ አይታችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይሄው ነው። አብዛኞቹም ወንዶች ናቸው።

ወንዱ ጨው ሰብስቦ ምን ያደርጋል ለሚለው ጥሩ መልስ የተገኘው ከሌላ የእሳት እራት ነው። ስኮት ስሜድሊና ቶማስ አይስነር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በሰሜን አሜሪካ የሚኖረውን ግሉፊሲያ የተባለውን የእሳት እራት አጠኑ። ወንዱ ኩሬ ዳር ቆሞ ለሰዓታት ውሃ ይጠጣል፣ ሶዲየሙን ያስቀራል፣ ውሃውን ከኋላው እየረጨ ያስወጣል። ከራሱ ክብደት 600 እጥፍ የሚሆን ውሃ በአንድ ቁጭታ ሊያሳልፍ ይችላል! ከዚያ ሲገናኝ ሶዲየሙን ከዘሩ ጋር ለሴቷ ይሰጣታል፣ እሷም ወደ እንቁላሎቿ ታሳልፈዋለች። የአባት ስጦታ ማለት ነው። በካሊፕትራ ላይ ይህ የመጨረሻው እርምጃ አሁንም መላምት ነው፣ ግን ወንዶች ብቻ ደም መምጠጣቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ሐሳብ የለም። ደም ደግሞ ከኩሬ ውሃ ጋር የማይወዳደር የሶዲየም ምንጭ ነው።

ደሙ ምግብ አይሆነውም እንዴ?

እንደ ምግብ አይጠቀምበትም። ባንዚገር የእሳት እራቶቹን ፈሳሽ ቆሻሻ ሲመረምር የደሙ ፕሮቲን ሳይፈጭ እንደሚወጣ፣ ጨው ግን ሰውነታቸው ውስጥ እንደሚቀር አግኝቷል። ይህ ለጨው መላምት ትልቅ ድጋፍ ነው። ደሙን ለፕሮቲኑ ብሎ የሚመጥጥ ነፍሳት ፕሮቲኑን አይጥልም።

ለመብረር የሚያስፈልገውን ጉልበት የሚያገኘው ከፍራፍሬ ስኳር ነው። ስለዚህ ደም የፍራፍሬን ቦታ አይተካም፣ ፍራፍሬም የደምን ቦታ አይተካም።

ለስላሳ የሆነ ነፍሳት ቆዳ እንዴት ይበሳል?

የቢራቢሮና የእሳት እራት መምጠጫ ከሁለት ግማሽ ቱቦዎች የተገጣጠመ ነው። በአብዛኞቹ ዝርያዎች ጫፉ ለስላሳ ስለሆነ ክፍት አበባ ውስጥ ከመግባት ሌላ አይችልም። ካሊፕትራ ላይ ግን ጫፉ ጠንካራና ሹል ነው። ዙሪያውን ደግሞ ሁለት ዓይነት ነገር ተሰክቶበታል፣ የሚቀድዱ ጥርስ መሰል ጫፎችና ወደ ኋላ የታጠፉ መንጠቆዎች።

ሲበሳ ሁለቱ ግማሾች ጎን ለጎን እንደተያያዙ የመጋዝ ምላጮች በየተራ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታሉ። አንዱ ወደፊት ሲገፋ ሌላው በመንጠቆው ሥጋውን ይዞ ይቆያል፣ ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። ጭንቅላቱም አብሮ ይወዛወዛል። መንጠቆዎቹ የሚቆሙት በሰውነቱ ፈሳሽ ግፊት ነው፤ ግፊቱ ሲጨምር ቀጥ ይላሉ፣ ሲቀንስ ይተኛሉ። መምጠጫው በቂ ጥልቀት ላይ ሲደርስ የተቀደዱት ትንንሽ የደም ሥሮች የሚያፈስሱትን ደም ይስባል።

የትንኝ አፍ በጣም ቀጭን ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሳይሰማን ይገባል። የካሊፕትራው ግን እየቀደደ ነው የሚገባው፣ ለዚህ ነው የሚያመው። መሣሪያው ለቆዳ ተብሎ እንዳልተሠራ ያሳብቃል።

ፍራፍሬ መብሳት ከደም መምጠጥ ጋር ምን አገናኘው?

ሁሉ ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። የካሊፕትራ የቅርብ ዘመዶች ጠንካራ ልጣጭ የሚበሱ ፍራፍሬ በሎች ናቸው። ዩዶሲማ፣ ኦሬሲያ፣ ጎኖዶንታ የሚባሉት ወገኖች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ዩዶሲማ የብርቱካንን ልጣጭ በቀላሉ ይበሳል። ያ ቀዳዳ ፈንገስና ባክቴሪያ ያስገባል፣ ፍራፍሬው ይበሰብሳል፣ ገበሬው ይከስራል። በግብርና ላይ ጉዳት የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ አባጨጓሬው ነው፤ እዚህ ግን ጎልማሳው የእሳት እራት ራሱ ነው ተባዩ።

እነዚህ ዘመዶች ከላይ የገለጽኩት ዓይነት መምጠጫ አላቸው። ሹል ጫፍ አለ፣ የሚቀድዱ ጥርሶች አሉ፣ መንጠቆ አለ። ማለትም ቆዳ የሚበሳው መሣሪያ የተሠራው ደም መምጠጥ ከመጀመሩ በፊት ነው። ወፍራም የፍራፍሬ ልጣጭ መብሳት የቻለ መምጠጫ ቆዳ ላይ ሲያርፍ አዲስ የሚማረው ነገር ትንሽ ነው። ከፍራፍሬ ወደ ደም ያለው መንገድ ከሩቅ ሲታይ ረጅም ይመስላል፣ ቀርበው ሲያዩት ግን አጭር ነው።

እንባ የሚጠጡትስ? ደም መምጠጥ የመጣው ከእነሱ አይደለም?

ይህ ለረጅም ጊዜ ከባድ ተፎካካሪ ሐሳብ ነበር። እንባ፣ ላብና የቁስል ፈሳሽ የሚጠጡ ብዙ የእሳት እራቶች አሉ። ሎቦክራስፒስ የሚባለው ለምሳሌ የከብት ዓይን ላይ አርፎ እንባ ይጠጣል። በእንስሳ ሰውነት ላይ ማረፍ የለመደ፣ እንባና ቁስል የቀመሰ የእሳት እራት ቀስ በቀስ ራሱ ቁስል ወደ መፍጠር ቢሄድ ምክንያታዊ ይመስላል። እንባ፣ ከዚያ ቁስል፣ ከዚያ መብሳት።

ሐሳቡን መፈተን የሚቻለው የዘር ሐረጉን በማየት ነው። ተመራማሪዋ ጄኒፈር ዛስፔልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 የካሊፕትራንና የዘመዶቹን ዲኤንኤ አነጻጽረው የዘር ሐረግ አወጡ። ካሊፕትራ የተገኘው ፍራፍሬ በሚበሱት መሃል ነው። ውጤቱ የሚደግፈው ደም መምጠጥ ከፍራፍሬ መብሳት መምጣቱን ነው፣ እንባ መጠጣት ደግሞ ሌላ መንገድ መሆኑን።

የማዳጋስካሩ ግኝትም እዚህ ጋ ይነሳል። በኪሪንዲ ጫካ ሄሚሴራቶይዴስ የሚባል የእሳት እራት ማታ የተኙ ወፎች ሽፋሽፍት ሥር መምጠጫውን አስገብቶ እንባ ሲጠጣ ታይቷል፣ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ። መምጠጫው መንጠቆ አለው። ሰው ይህን ሲያነብ «በቃ ድልድዩ ተገኘ» ይላል። አይደለም። መንጠቆ ያለው መምጠጫ ለስንት ዓይነት ሥራ እንደሚውል ነው የሚያሳየን። አንድ መሣሪያ ለልጣጭም፣ ለተዘጋ የዓይን ሽፋንም፣ ለቆዳም ሊያገለግል ይችላል።

ከሌሎች ደም መጣጮች በምን ይለያል?

ደም መምጠጥ በነፍሳት ዓለም ውስጥ በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ቡድን፣ ብዙ ጊዜ ተነስቷል። ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው በእንስሳ ጎጆ ወይም ሰውነት ላይ አብሮ በመኖር የሚጀምር ነው፤ መጀመሪያ የተራገፈ ቆዳና ቆሻሻ ይበላል፣ ቀስ በቀስ ወደ ደሙ ይደርሳል። ቅማል በዚህ መንገድ እንደመጣ ይታሰባል። ሁለተኛው፣ ቀድሞ ሌላ ነገር ለመብሳት የተዘጋጀ አፍ ያለው ነፍሳት ከእንስሳ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው። ካሊፕትራ የሁለተኛው ዓይነት ነው።

ሌላው ትልቅ ልዩነት ጥገኝነት ነው። ቅማል ያለ ደም ይሞታል። ቁንጫም ትኋንም ያለ ደም መራባት አይችሉም። ካሊፕትራ ግን ገና ደጃፉ ላይ ነው። ለተመራማሪዎች ውድ የሆነውም ለዚህ ነው። የቅማልን ወይም የትንኝን የመጀመሪያ እርምጃ ዛሬ ማየት አንችልም፣ በሚሊዮኖች ዓመታት ርቆ ሄዷል። እዚህ ግን ፍራፍሬ ብቻ የሚበላው፣ አንዳንዴ ደም የሚቀምሰውና ደጋግሞ የሚመጥጠው በአንድ ወገን ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ጨው ስለፈለገ ነው ማለት መብሻ የበቀለለት?

አይደለም። ይህ ስለ ዝግመተ ለውጥ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ፍላጎት አካል አያበቅልም። በእሳት እራቶቹ መሃል በውርስ የሚተላለፍ ልዩነት ነበር። ጫፉ ትንሽ ጠንከር ያለው ብዙ ፍራፍሬ ላይ መድረስ ቻለ፣ ብዙ ልጅ ተወ፣ ልጆቹም ያንን ጫፍ ወረሱ። በዚህ ሂደት ውስጥ ደም የሚባል ነገር የለም፣ ምርጫው የተካሄደው በልጣጭ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ያው መሣሪያ ለሌላ ሥራ የዋለው። የጨው እጥረቱ ድሮም ነበር፣ የቢራቢሮና የእሳት እራት ሁሉ ጉዳይ ነው። ሌሎቹ ጭቃና እበት ላይ ይፈልጉታል። ካሊፕትራ ግን ሌሎቹ የማይደርሱበት ምንጭ ላይ መድረስ የሚችል መምጠጫ በአጋጣሚ በእጁ ነበር። መሣሪያው ቀደመ፣ ፍላጎቱ ነበር፣ የጎደለው ከትልልቅ እንስሳት ጋር መገናኘት ነበር።

ታዲያ ለምን ሌሎቹ ፍራፍሬ የሚበሱት ደም መጣጭ አልሆኑም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መሣሪያው ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል። ዩዶሲማ ከካሊፕትራ የበለጠ ግዙፍ ነው፣ መምጠጫውም ኃይለኛ ነው፣ ግን ደም በመምጠጥ አይታወቅም። ከዚያም በላይ የራሷ የካሊፕትራ ሴት አለች። እሷም ፍራፍሬ የምትመጥጠው በዚሁ ዓይነት መምጠጫ ነው፣ ግን እንስሳ ላይ አትሄድም።

እንስሳ ላይ ማረፍ አደጋ አለው። ጅራት አለ፣ ጆሮ አለ፣ ቆዳ ይርገበገባል። ለብዙ ደቂቃዎች ቆሞ የሚመጥጥ ነፍሳት ራሱን ለሞት ያጋልጣል። ይህ አደጋ የሚያዋጣው ጥቅሙ ከበለጠ ብቻ ነው። ጨውን ከጭቃ ማግኘት ከተቻለ ለምን? ሴቷም ጨውን ከወንዱ በስጦታ የምታገኝ ከሆነ በእንቁላል የተሞላ ሆዷን ይዛ ዝሆን ላይ የምታርፍበት ምክንያት የለም። የተፈጥሮ ምርጫ ማለት እንዲህ ያለ የኪሳራና የትርፍ ሒሳብ ነው።

የሩሲያው ግኝት ምንድን ነው? ዝግመተ ለውጥ በዓይናችን ፊት እየተካሄደ ነው የተባለው እውነት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2006 ዛስፔልና ባልደረቦቿ በሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ፣ ፕሪሞርዬ በሚባለው ግዛት ካሊፕትራ ታሊክትሪን ይዘው ሞከሩ። ይህ ዝርያ እስከዚያ ድረስ ፍራፍሬ በል ተብሎ ነበር የሚታወቀው። የሰው እጅ ሲቀርብላቸው ከወንዶቹ አንዳንዶቹ ቆዳውን በስተው ደም መጠጡ። ውጤቱ በ2007 ታተመ፣ ከዚያ ዜናው በዓለም ዙሪያ «ቫምፓየር የእሳት እራት ተገኘ» ተብሎ ተሰራጨ። በአውሮፓ የሚኖረው ያው ዝርያ ግን የሚታወቀው በፍራፍሬ በልነቱ ነው። አንድ ዝርያ፣ ሁለት አካባቢ፣ ሁለት ባህሪ።

ከዚህ ተነስቶ «አዲስ ደም መጣጭ ሲወለድ እያየን ነው» ማለት ያጓጓል። እኔ ግን ቸኩሎ መናገር ይመስለኛል። ያው መረጃ በሌላ መንገድም ሊነበብ ይችላል። የካሊፕትራ ወንዶች ሁሉ ይህ ችሎታ ከጥንት ጀምሮ አብሯቸው ኖሮ፣ ሁኔታው ሲመች ብቻ የሚወጣ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ የፕሪሞርዬው ወንድ አዲስ ነገር አልጀመረም፣ ያለውን ነው ያሳየው። ወደ ደም እየሄደ ያለ ዝርያና ደምን እየተወ ያለ ዝርያ ለአንድ ቀን ብቻ ቢታዩ አንድ ዓይነት ነው የሚመስሉት።

ዝግመተ ለውጥ እየተካሄደ ነው ለማለት ልዩነቱ በውርስ የሚተላለፍ መሆኑ መታየት አለበት። የአውሮፓና የሩቅ ምሥራቅ ወንዶችን በአንድ ዓይነት ሁኔታ አሳድጎ፣ አንድ ዓይነት እጅ አቅርቦ ማነጻጸር ይጠይቃል። ባህሪ በምግብ እጥረት፣ በሙቀት፣ በእንስሳት መኖር አለመኖር ብቻ ሊለዋወጥ ይችላል፣ ያ ደግሞ ዝግመተ ለውጥ አይደለም።

በካሊፕትራ ውስጥ ደም መምጠጥ አንዴ ነው የተነሳው ወይስ ብዙ ጊዜ?

ይህ ከሩሲያው ጥያቄ ጋር አንድ ሥር አለው። ደም የሚመጥጡት ዝርያዎች በዘር ሐረጉ ላይ ሁሉም በአንድ ቅርንጫፍ ቢሰበሰቡ መልሱ ቀላል ነበር። ግን ደም መምጠጡ ያለ ግዴታ የሚደረግ ባህሪ ስለሆነ «ይህ ዝርያ ደም አይመጥጥም» ማለት ራሱ ከባድ ነው። ማታ፣ ጫካ ውስጥ፣ ከዝሆን አጠገብ ማን ቆሞ አይቷል? ታሊክትሪ ራሱ እስከ 2006 ድረስ «አይመጥጥም» ከሚባሉት ጎራ ነበር።

ስለዚህ «አዎ» ተብሎ የተመዘገበው ዝርያ ጠንካራ መረጃ ነው፣ «አይ» የተባለው ግን ደካማ ነው። የዝርያ ዝርዝር ይዛችሁ በዘር ሐረግ ላይ ስታስቀምጡ ይህን ሚዛን ካልጠበቃችሁ፣ አንዴ የተነሳውን ባህሪ ብዙ ጊዜ የተነሳ አድርጋችሁ ልትቆጥሩት ትችላላችሁ።

ወደፊት ደም ብቻ ወደ መምጠጥ ይሄዳሉ?

ዝግመተ ለውጥ መድረሻ የለውም። «ፍራፍሬ፣ ከዚያ ትንሽ ደም፣ ከዚያ ሙሉ ደም» የሚል መሰላል የምንሠራው እኛ ነን። አሁን ያሉበት ቦታ ራሱ ሚሊዮን ዓመት ሊያቆያቸው የሚችል ጥሩ ኑሮ ነው፣ ጉልበት ከፍራፍሬ፣ ጨው ከደም።

በደም ብቻ ለመኖር ደግሞ ብዙ ነገር መለወጥ ይኖርበታል። አሁን የሚጥሉትን ፕሮቲን የሚፈጭ ሆድ ያስፈልጋቸዋል። ደም አንዳንድ ቫይታሚኖች ስለሚጎድሉት፣ ቅማልና ትኋን እንደሚያደርጉት ጉድለቱን የሚሞሉ ባክቴሪያዎችን በሰውነታቸው ማኖር ይኖርባቸዋል። ሴቷም ወደ ደሙ መምጣት አለባት። ከሚመጥጡባቸው እንስሳት እንደ ታፒር ያሉት ግን ቁጥራቸው እየተመናመነ ነው፣ ጫካውም እየተጨፈጨፈ ነው።